ሁለት ሺህ ጊዜ የሞተው ሽማግሌ

አሜሪካ፣ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ባለው አውራ ጎዳና ላይ እንደ ገረመው ታክሲ የሚነዳ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ፖሊስ መንጃ ፈቃዱን ነጥቆታል። ያቺን ቢጫ መኪናውን ሲያስነሳት ካስትሮ ቫሊ ያሉ ውሾች ይነቁ ነበር ይባላል። መልኩንማ ተዉት። ኦክላንድ ቴሜስካል ሰፈር ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ደጃፍ ላይ ሲያቆም፣ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣቸው ጨው እንዳነሰው ያስታውሱና ጨው ፍለጋ ወደ መስኮቱ ይመጣሉ።

ይህ ሰው በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል ውስጥ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ክላክስ አደረገ። በሩን የከፈተችው ፀደይ ነበረች። አየችው። ምንም አልተሰማትም።

ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ፀደይ ያን ሰሞን ማንንም ብታይ ምንም አይሰማትም ነበር።

ከዓመት በፊት፣ ሳን ሆዜ በአክስቷ በእትዬ ወርቂቱ ቤት፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጋቢና ነጠላ የለበሱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ደጃፉን ሞልተውት ነበር። መርዶ ነጋሪ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ሰው ሥራ ሳይሄድ፣ ቁርስ ሳይቀምስ። እናቷ ደሴ ላይ ካረፉ ሰንብቷል፤ ቤይ ኤሪያ ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቃል፣ ያላወቁት እሷና አክስቷ ብቻ ናቸው። አክስቷ ወለሉ ላይ ወደቀች። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ፀደይ ቆማ አየቻቸውና ለሰዉ መቀመጫ ልታወጣ ወደ ጓዳ ገባች።

«ድንጋይ ናት» አሉ ሴቶቹ።

ፀደይ አልተቀየመቻቸውም፤ እውነታቸውን መስሏት ነበር። ጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ? ጉንጫችሁን ብትነክሱት የሌላ ሰው ጉንጭ የሚመስለው? ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ፀጉሯ እንደዚያ ነበረች። ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ሰው ሲስቅ ትስቃለች። ሁሉንም ግን በሌላ ሰው ጉንጭ ነው።

ሥራዋ አንድ ሽማግሌ መንከባከብ ነበር። ተራ ሽማግሌ እንዳይመስላችሁ! ሩፈስ ኦግደን በዘመኑ የመድረክ ተዋናይ ነበር። ዕድሜው ዘጠና አምስት፤ እሱ ሲናገር ግን መቶ ሦስት ያደርሰዋል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ገና ቁምጣ ለባሽ ሳለ፣ ኦክላንድ መድረክ ዳር ጦር ይዞ በመቆም ጀመረ። ከዚያ ከነጓዙ በባቡር፣ ሳን ሆዜ ሲል፣ ሳክራሜንቶ ሲል፣ ኔቫዳ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ዘንድ ሲል ኖረ። በየሳምንቱ አዲስ ቲያትር ነው። እሱም በአንድ ነገር ስሙ ወጣ፤ በመሞት። በሰይፍ ሞተ፣ በመርዝ ሞተ፣ በሳምባ በሽታ ሞተ፣ በፍቅር ሞተ። ሁለት ሺህ ጊዜ፣ በትንሹ። አንድ ቀን አወዳደቁን ያየ ሐኪም ከተመልካቹ መሐል ዘሎ መድረክ ላይ ወጥቶ የልብ ምቱን አዳመጠ አሉ። ሐኪሙ «ሞቷል» ብሎ ነበር ይላል ሩፈስ፣ በኩራት።

የሚናገር ሲኒማ መጣና ቲያትር ቤቶቹ ተራ በተራ ተዘጉ። ከዚያ ወዲያ ጫማ ሸጠ። ያንን አይተርከውም።

በየረቡዕ ኦክላንድ ሄዶ የመጀመሪያ ቲያትር ቤቱን ካላየ ግን እህል አይወርድለትም። ቲያትር ቤቱ ደግሞ ፈርሶ ፓርኪንግ ሆኗል። ለዚህ ነው ገረመው የተጠራው።

«እህቴ፣ ሐበሻ ነሽ እንዴ?» አላት ያን ዕለት፣ ሽማግሌውን ደግፎ ሲያስገባ።

«ነኝ።»

«ሳቅ ብለሽ ብትመልሽ ምን ነበረበት? ለሳቅ ቻርጅ አላደርግም እኮ!»

ፀደይ ሳቅ አለች። ገረመው በመስታወቱ ውስጥ አያት። ሳቁ ፊቷ ላይ እንጂ ዓይኗ ውስጥ አለመድረሱ ገብቶታል።

ፓርኪንጉን የሚጠብቀው ጋሽ ጥሩነህ የሚባል የገረመው አገር ሰው ነው። ሩፈስ በዱላው መሬቱን እየጠቆመ ያስጎበኛቸው ነበር። «ይቺ ቶዮታ የቆመችበት የልብስ መቀየሪያዬ ነው። እዚያ ቫኑ ጋ ሞቻለሁ። እዚህ ሴትዮዋ የምታቆምበት ደግሞ ሁለት ጊዜ ሞቻለሁ።»

ጋሽ ጥሩነህ ያማትባል። «በየቀኑ መቃብር ላይ ነው ለካ የምውል!»

ረቡዕ ረቡዕን እየወለደ ክረምቱ አልፎ ሞቀ። አንድ ቀን መኪና ተጨናንቆ መንገድ ላይ እንደቆሙ ፀደይ ሩፈስን ጠየቀችው።

«ሚስተር ኦግደን፣ ሲሞቱ ምን ይሰማዎት ነበር?»

«ምንም። ማልቀስ የተመልካቹ ሥራ ነው። እኔ ተጋድሜ እራቴን አስብ ነበር።»

«እውነት ሰው ሲሞትብዎትስ?»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞረ። «መድረክ ላይ እንባዬ ስጠራው ይመጣል። ግራ ዓይን ካልሽኝ በግራ፣ ቀኝ ካልሽኝ በቀኝ። ሚስቴን ስቀብር ግን አልመጣም። ሰው ሁሉ ይጠብቀኝ ነበር። 'ተዋናይ አይደል፣ ለእሷ እንኳ አያለቅስም?' ይላል።»

«በኋላስ መጣ?»

«መጣ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ የማላውቃትን ሴትዮ ጫማ እያስለካሁ። እግሯን ይዤ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ጫማውን ሳትገዛ ሄደች።»

ገረመው ሳቀ። ፀደይ አልሳቀችም። ዓመት ሙሉ ያለችበትን ክፍል በር የከፈተ ሰው ያየች ያህል ሽማግሌውን ትኩር ብላ አየችው። ገረመውም እሷን አየ። የኋላው መኪና ክላክስ እስኪያደርግ ድረስ መንገዱ መከፈቱን አላወቀም።

ፍቅር የገባው ያኔ ነው፤ ሲገባም በበር አይደለም፣ ጣሪያ ነቅሎ ነው። እንጀራ ቢበላ አይጠግብም፣ ኤርፖርት የጠራውን ሰው ሆስፒታል ያደርሳል። በመጨረሻ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ሩፈስ የሞተባቸውን ቦታዎች ሲዞር፣ ደፍሮ ተናገረ።

«ፀደይ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው።»

«አትላክ።»

«አስጠላሁሽ?»

«ኧረ አንተስ ደግ ሰው ነህ። ካንተ ጋር መቀመጥ አይከብደኝም። ግን ምንም አይሰማኝም ገረመው። ብትሞት እንኳ የማላለቅስልህ ሰው ነኝ። እናቴን አላለቀስኩም፣ ታውቃለህ? እንዲህ ሆኜ አግብቼ አላታልልህም። ሽማግሌ ብትልክ፣ 'እምቢ በያቸው' ነው አክስቴን የምላት።»

«እስኪሰማሽ ብጠብቅስ?»

«ባይሰማኝስ?»

ገረመው ጨርቅ አውጥቶ ንጹሑን የመኪና መስታወት ይወለውል ጀመር።

ሩፈስ ግን ጆሮው እንደ ድመት ነው። ወሬውን ከገረመው እስኪያወጣ እንቅልፍ አልወሰደውም። «እምቢ የምትለው ሳትጠየቅ ነው» አለ። «ተጠይቃ ትበል እንጂ! በመድረክ ደንብ መጋረጃ ሳይከፈት ቲያትር አይዘጋም። ላክ!»

መላኩስ ይላክ፤ ሽማግሌ ከየት ይምጣ? አሜሪካ ውስጥ ሽማግሌ ሁሉ ሁለት ሥራ አለው። ጋሽ ጥሩነህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፓርኪንጉን ይከፍታል። አቶ አስራት የሚባሉት የቤተ ክርስቲያን ሰው ደግሞ ከሺፍት ወጥተው ሌላ ሺፍት ይገባሉ፤ ለሁለቱም የሚመቸው ጎህ ሲቀድ ብቻ ነው። ሦስተኛው ሰው በመጨረሻው ሰዓት «ኦቨርታይም መጣብኝ» ብሎ ቀረ። ሦስት ካልሞሉ ደግሞ አያምርም።

«እኔ አለሁ» አለ ሩፈስ።

«ጋሽ ሩፈስ፣ እርስዎማ...»

«ስልሳ ዓመት ሥራ ፈትቼ ስጠብቅ ነበር። የምጫወተው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ንገረኝ።»

ገረመው ጭንቅላቱን አከከ። «ክቡር ሰው ነው። አንገቱን ይደፋል። ደጅ ቆሞ ይለማመጣል። አይስቅም።»

«ምን ይላል?»

«'ልጅዎን ለልጃችን' ይላል።»

ሩፈስ ሁለቷን ቃል ሳምንት ሙሉ ገላ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተለማመዳት። ፀደይ የሚዘፍን መስሏት አለፈችው።

ቅዳሜ ፀደይ ኦፍ ናት፤ ካምቤል ሌላ ሠራተኛ ትተካታለች። ሳን ሆዜ አክስቷ ቤት አድራ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ጥርሷን እየቦረሸች ነበር። በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ወርቂቱ ነጠላዋን እየሳበች ሄዳ ከፈተች። ሦስት ሰዎች ጋቢ ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ከመሐላቸው አንዱ ያረጀ ነጭ ነው። ፈረንጁ እንደ እንጨት ደርቆ ቆሟል፤ ድርሻው የመሰለውን ሐዘን ከሥሩ ነቅሎ ፊቱ ላይ ተክሎታል። በግራ ዓይኑም በቀኝም እንባ ይወርዳል።

«ማነው?» አለች እትዬ ወርቂቱ። ድምጿ ቀጠነ። «ማነው የሞተብኝ?»

አቶ አስራት ደነገጡ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ከአፉ የሚወጣውን አይመርጥም። «ኧረ ይረጋጉ እትዬ ወርቂቱ፤ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ» አሉ።

መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ነው። እትዬ ወርቂቱ ጮኸች። ጩኸቷ ኦክላንድ ድረስ ተሰማ ቢባል ማጋነን አይደለም። ሩፈስ የሰለጠነ ሰው ነውና፣ የተመልካቹ ልብ መነካቱን አይቶ፣ ደረቱን ነፍቶ «ልጅዎን ለልጃችን» አለ። ጥርት ባለ አማርኛ ነው ያላት። ማንም አልሰማውም።

ፀደይ ብሩሹን በአፏ እንደያዘች ብቅ አለች። ጋሽ ጥሩነህን አየች። ሚስተር ኦግደን ሲያለቅስ አየች። እነዚህ ሁለቱ የእትዬ ወርቂቱን ዘመድ አያውቁም፤ የደሴን ሰው አያውቁም። ሁለቱን አንድ ላይ እዚህ በር የሚያቆማቸው ሰው አንድ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት ኦክላንድ አንድ ታክሲ ነጂ በጥይት ተመትቶ በቴሌቪዥን አይታ ነበር። አንዳች ነገር ከሆዷ ተነስቶ፣ ደረቷን እየሰነጠቀ ወጣ።

«ገረመው!»

አቶ አስራትን ገፍትራ በባዶ እግሯ ወጣች። ጋሽ ጥሩነህ «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ደህና ነው! ደህና ነው!» እያለ ተከተላት፤ ማን ሊሰማው።

ላኪ ከሽማግሌ ጋር አይታይምና ገረመው መንገዱ መታጠፊያ ላይ ታክሲው ውስጥ ተደብቆ ነበር። ስሙ ሲጠራ በሩን ከፍቶ ወረደ። ፀደይ በቁሙ አገኘችው፤ በከንፈሯ አረፋ፣ በእጇ ብሩሽ።

«አልሞትክም?»

«ኧረ አልሞትኩም! ማን ሞተ አለ?»

በመዳፏ ደረቱን መታችው። ደገመችው። ሸሚዙን ጨምድዳ ይዛ ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ስድብ አልነበረም።

«እናቴ» አለች። «ገረመው፣ እናቴ እኮ ሞተች።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። ገረመው አብሯት እግረኛ መንገዱ ላይ ተቀመጠ። «አዎ» አላት። «አዎ፣ ፀዲዬ።» በዚያች ጠዋት ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው እንባ ወረደ። ጎርፉ መኪና ባይወስድ ነው የሚገርመው። ጎረቤቶች ሮጠው መጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። «ድንጋይ ናት» ያሉት ሴቶች ከሁሉ በላይ አለቀሱ።

በአራት ሰዓት ገደማ ቤቱ ሰከነ። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ ተደርድረው፣ ሩፈስ ጋቢው ውስጥ ተኝቷል። ጋሽ ጥሩነህ ፓርኪንጉን ሳይከፍት ቀርቷል። እትዬ ወርቂቱ ዓይኗን ጠርጋ ያኔ ትዝ አላት።

«ቆይ እንጂ፤ እናንተ ለምን ነበር የመጣችሁት?»

አቶ አስራት ምንጣፉን አዩ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ልጅ አይለመንም። ጋሽ ጥሩነህም ምንጣፉን አየ።

«እኔን ሊጠይቁ ነው» አለች ፀደይ ከጥጉ። ፊቷ አብጦ ዓይኗ አይታይም። «ለገረመው። እሺ በያቸው።»

«ወይ ጉድ! አንቺ ነሽ የምትመልሺ?»

«እትዬ፣ አሁን በያቸው። ነገ ተመልሼ ልደነዝዝ እችላለሁ።»

እትዬ ወርቂቱ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ ወገቧን ቀና አደረገች።

«ተማክረን እንነግራችኋለን። የሚመጣው ቅዳሜ ተመለሱ። ግን ስሙኝ፤ በጠራራ ፀሐይ! ሱፍ ለብሳችሁ! ያንንም ሰውዬ እንዳያለቅስ ንገሩት።»

ገረመው እስከዚያ ሰዓት ውጭ ነበር፤ አልገባም፣ አልሄደም። ፀደይ ሰሃን ይዛለት ወጣች። ታክሲው ላይ ተደግፎ ቆሞ ጠበቃት።

«ምን አሉ?»

«ቅዳሜ ተመለሱ አሉ።»

«አንቺስ?»

ሰሃኑን ታክሲው ላይ አስቀምጣ እጇን ዘረጋችለት። ጠዋት ደረቱን የመታችበት መዳፏ በርበሬ መስሏል።

«አሁንም ያቃጥለኛል» አለችው፣ ትልቅ የምሥራች እንደምትነግር። «ገረመው፣ ንካው እስቲ። ያቃጥላል።»