ቀለሙ እስኪደርቅ

መቅደላዊት ሥዕል የምታገኘው በእግሯ ነበር። አዛውንቶች ከምትንከባከብበት ቤት እረፍት ባገኘች ቁጥር የውሃ ቀለሟን ይዛ ፓርክ ሂል በሚባለው ሰፈር ውስጥ ትዞራለች። ዓይኗን የያዘው ነገር ፊት ትቀመጣለች፤ የዘመመ አጥር ይሁን፣ በረንዳ ላይ የተረሳ ወንበር ይሁን።

አፍሮም አብሯት መዞር ከጀመረ ሦስት ወሩ ነው። የተዋወቁት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ ነበር፤ ሥዕሏን አየና «ይሄን ቤት በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም» አላት።

የጥገኝነት ጉዳዩ በሰኔ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ጠበቃው «እስከዚያ ስምህ ፖሊስ ዘንድ እንዳይደርስ» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ የቆመ መኪና ሁሉ ያስፈራዋል።

አንድ ቅዳሜ መቅደላዊት ሰማያዊ በር ካለው ቤት ፊት ለፊት፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት አለፈ። የቤቱ መጋረጃ ተገለጠ፤ ተዘጋ፤ እንደገና ተገለጠ።

«መቅዲ፣ እንሂድ።»

«ሰማዩ ገና እርጥብ ነው። አሁን ካነሳሁት በሩ ላይ ይፈስሳል።»

«መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ስልክ ይዛለች እኮ።»

«ትያዝ። ሰው ስልክ አይዝም?»

«እንደኛ ያለ ጥቁር ሰው እዚህ ሰፈር ቆሞ ቤት ሲያይ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ።»

መቅደላዊት ወረቀቱን እፍ እፍ አለችው።

የፖሊስ መኪና ያለ ድምፅ ታጥፎ መጣ።

«ሂድ» አለችው ቀስ ብላ። «አልቀየምህም።»

ሄደ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። ፖሊሱ ከአጠገቧ ቆሟል፤ እሷ ወረቀቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀና ብላ ታየዋለች። አፍሮም በልቡ «አቤቱ» አለ፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም። ተመለሰ።

«አብሬያት ነኝ» አለ በእንግሊዝኛ።

ፖሊሱ መታወቂያ ጠየቀ። አፍሮም የሥራ ፈቃዱን ሰጠው። ፖሊሱ የሁለቱንም መታወቂያ አይቶ ማስታወሻው ላይ ጫር ጫር አደረገ፤ ሥዕሉንም አየት አድርጎ ሄደ።

«ስሜን ጻፈው» አለ አፍሮም።

«የእኔንም ጽፎታል። ከእኔ ሥር ነህ።»

መቅደላዊት ብሩሿን ማጠብ ጀመረች።

«ከተጻፍን አይቀር» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ቤተ ክርስቲያንም አብረን እንጻፍ።»

«ሽማግሌ ይላካል እንጂ መንገድ ዳር ይጠየቃል?»

«ማን አለኝና ልላክ?»

«ታክሲ የሚነዱት ጋሽ ወልደየስ አሉ አይደል። ለአባቴ እሳቸው ይደውሉ።»

«ሰኔ ሳያልፍ? ወደ አገሬ ቢመልሱኝስ?»

«እሱን ፈርቼ ነው ከሰኔ በፊት የምልህ።»

አፍሮም አጠገቧ ቁጭ አለ። ቀለሙ እስኪደርቅም አልተነሳም።