ፖስት ካርዷ ላይ ያለችው ደሴት

ነፋሱ የደረሰባቸው ገና ወደቡ ከዓይናቸው ሳይሰወር ነው። ጀልባዋን ወደ ላይ አንስቶ ሐይቁ ላይ ፈጠፈጣት። ጢሞ በባልዲ እየቀዳ ሲደፋ፣ ጀልባ ጠጋኙ መቅዘፊያውን ጨምድዶ ይዞ ከማዕበሉ ጋር ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ገጠመ።

ጢሞ የጠጋኙ ሚስት ወንድም ነው። አትሂድ ብሎ ቢለምን ቢለምን አልሆን ሲለው፣ እየተነጫነጨ አብሮት ተሳፈረ።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው አንዲት ፖስት ካርድ ናት። ፊቷ ላይ ትንሽ ደሴት፣ ነጭ ቤትና የመብራት ማማ ይታያል። ጀርባዋ ላይ የጠጋኙ ታላቅ ወንድም የእጅ ጽሑፍ አለ፤ «አለሁ። የመብራት ጠባቂ ሆኛለሁ። በጀልባህ ና።» ሞተ ብለው እርማቸውን ያወጡለት ሰው! እንዲህ ያለች ደሴት መኖሯንም የሰማ አልነበረም። አልጋ ላይ የዋለችው እናታቸው ካርዷን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሳላየው አልሞትም አለች። ታናሹ አጠገቧ ተቀምጦ ውሃ ሲያጠጣት ዓይኗ ከካርዷ አልተነቀለም። ከፋው፤ ቢሆንም ካርዷን ካደረሱት መርከበኞች መንገዱን ጠይቆ ጀልባዋን አወጣ።

ነፋሱ ሲበርድ ጉማሬ መጣ። ድንጋይ መስሏቸው ሊያልፉት ያሉት ጥቁር ነገር አፉን ከፍቶ የጀልባዋን ጎን ነከሰ። ጢሞ ትርፉን መቅዘፊያ ጉሮሮው ውስጥ ሰነቀረው። እንጨቱ እንደ ሸንኮራ ተቀነጠሰ፤ እነሱ ግን አመለጡ።

«ብሞት ለእህቴ አዞ በላው በላት» አለ ጢሞ እየሳቀ። «ጉማሬስ ያሳፍራል።»

ደሴቷን የከበቧት ዓለቶች ጋ ሲደርሱ ጨለመ። ማማው ላይ ግን የብርሃን ጭላንጭል እንኳ የለም። ጀልባዋ ከዓለት ጋር ተላተመችና ጢሞ ከፊት ተወርውሮ ወደቀ። አንዴ ጮኸ። ከዚያ አዞዎቹ ውሃውን አተራመሱት፤ ጠጋኙ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

ጠዋት ወንድሙ ጠጋኙን ከጀልባዋ አጠገብ አሸዋው ላይ ተዘርሮ አገኘው። ጠጋኙ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«መብራቱስ፣ ጋሼ?»

«ማን ይመጣል ብዬ ላብራው?»

«ና ብለህ ጽፈህልኝ?»

ወንድሙ ትከሻውን ሰበቀ። ጠጋኙ ንዴቱን ዋጠው፤ እናቱ ትጠብቃለች። ቀኑን ሙሉ የተቦረቦረውን ጎን በጣውላና በሬንጅ ሲደፍን ዋለ። ወንድሙም ሬንጁን እያቀበለ ስለ እናታቸው ጠየቀው። ነገ በጠዋት አብረው ሊሄዱ ተስማሙና፣ ሊጨልም ሲል ወንድሙ ከቤት ገመድ እንዲያመጣ ጠጋኙን ላከው። ሲመለስ ጀልባዋ ውሃ ላይ ናት።

«መብራቱን ጥሎ የሄደ ጠባቂ ይታሰራል» አለ ወንድሙ እየቀዘፈ። «ተተኪ ካለ ግን ማንም አይጠይቀውም። አሁን አንተ አለህ። ጋዙን ሞልቼልሃለሁ፤ ዓለቶቹን እስካልፍ አብራልኝ።»

እናታቸው የፈለገችው ያንን ልጇን ነው፤ እነሆ እየሄደላት ነው። ደሙ ፈላ። ደረጃውን ሽቅብ ሮጦ ማማው ላይ ወጣና ክብሪት አወጣ። ከታች ጨለማው ውስጥ እንጨት ሲሰነጠቅ ተሰማ።

«መብራት! ወንድሜ፣ መብራት!»

ክብሪቱን በጣቶቹ መሃል እንደያዘ ቆመ። ጢሞን አሰበ። እናቱ ትዝ ስትለው ክብሪቱን ሊጭር ቃጣ፤ መልሶ ተወው። ጩኸቱ እስኪያበቃ ጠበቀ። ከዚያ ጫረው።

ስንቅ የምታመላልሰው መርከብ በመጣች ጊዜ ውሰዱኝ አላቸው። መርከበኞቹ ተተኪህስ አሉት። ስለ ቀድሞው ጠባቂ የጠየቀ አልነበረም፤ መብራቱ በርቷል፣ በቃ። ጠጋኙ ከወንድሙ መሳቢያ ደሴቷ ያለችበትን ካርድ አውጥቶ ጻፈና ሰጣቸው።

«እማዬ፣ ጋሼን አገኘሁት። ሁለታችንም ደህና ነን። ጠብቂን።»