የጭጋጉ ፎቶ

የንግሥት ወንድም ሰለሞን፣ «እናቴን የገደላት ታከለ ነው» ይላል። የጤና ጣቢያው ነርስ ደግሞ፣ «ድሮም ልባቸውን ያማቸው ነበር፤ ያን ቀን ሙቀቱ ጣላቸው» ይላል።

ታከለ በ1999 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። ንግሥትን ያወቃት ከገጠር መጥታ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራይታ ስትማር፣ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ በመጣች ቀን ነው።

«ዓይንሽን አትጨፍኚ» ቢላት፣

«አንተ አታፍጥብኛ» አለችው።

በዓመቱ ሽማግሌ ላከ። ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ኅዳር ላይ ፕለጊን የሚባሉ ፎቶ የሚያሳምሩ ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ከአዲስ አበባ በሲዲ መጡለት። ሊያወዳድራቸው ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ የንግሥትን ፎቶ ከፈተ። አንደኛው ፊቷን በቡሩሽ የተሳለ አስመሰለው። ሁለተኛው ዙሪያውን ነጭ ጭጋግ አለበሰው።

«ለፎቶ ቤቱ መስኮት የቱ ይሁን?» አላት።

«ሁለተኛው።»

«እኔስ የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ።»

«እሱማ አሮጊት አስመሰለኝ። ደመና ላይ ልቀመጥበት፤ ምን ቸገረህ?»

ሳቀ። አትሞ መስኮቱ ላይ ለጠፈው።

በዚያ አገር በጭጋግ የሚከበበው የሟች ፎቶ ነው፤ ለሙት ዓመት። ታከለ ራሱ ስንቱን ሠርቷል። ያን ቀን ግን የሚያየው ፊቷን ብቻ ነበር።

በገበያ ቀን አንድ የመንደሯ ሰው ከባጃጅ ሲወርድ ፎቶውን አየ። ገብቶ አልጠየቀም። ንግሥት ሞታለች የሚል መርዶ ይዞ ወደ መንደሩ ተመለሰ። እናቷ እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን እንኳ ሳያነሱ በቀትር ፀሐይ ወደ ከተማ ሮጡ። አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ ወደቁ። አልተነሱም።

በአርባቸው ማግስት ሰለሞን ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ፤ እጮኝነቱ እንዲፈርስ ፈልጓል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የነንግሥት ጎረቤት ጋሼ ሙሄ፣ ታከለን ጠየቁ።

«ልጄ፣ አላህ ይሰማል። ያንን ፎቶ ማን መረጠው?»

ታከለ ወደ ንግሥት አላየም።

«እኔ።»

«ሰማችሁ?» አለ ሰለሞን።

ንግሥት ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። ጥቁር ልብሷ ሰፍቷታል።

«ይዋሻል» አለች። «የመረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ሌላውን ነበር ያለው።»

ሰለሞን አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያስ ሁለታችሁም ሳታውቁ ነው» አሉ ጋሼ ሙሄ። «ሐዘኑ ይውጣና ሰርጉ ለከርሞ ይሁን።»

ታከለ ያኔ ቀና አለ። ዓይኖቿ እሱ ላይ ነበሩ፤ ከቀብሩ ወዲህ አይታው አታውቅም።

«አይሆንም፣ ጋሼ ሙሄ» አለች። «እወደዋለሁ። ግን ዕድሜ ልኩን ጥፋቴን ሲሸከምልኝ እያየሁ አብሬው አልኖርም። አላገባውም።»