የባዶ ክፍል ድምጽ

«አንተ አንድ ደቂቃ ስትል ግማሽ ቀን ነው የሚሄደው።»

«ስልሳ ሰከንድ ነው፣ አለቃ።»

«ትናንትም ስልሳ ሰከንድ ነበር። ውሻ ጮኸ፣ እንደገና። ሸምበቆን አስነጠሰው፣ እንደገና።» ዳይሬክተሯ መስኮቱ ላይ የተቸነከረውን ብርድ ልብስ በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ ወደ ውጭ አየች። «ፀሐይዋ እየዞረች ነው። የአክስቴን ቤት እስከ አስር ሰዓት ነው የለመንኩት። ለዝምታ የሚሆን ጊዜ ከየት ላምጣልህ?»

«ዝምታውን ካልቀዳሁ፣ ምስሉን በቆረጥሽ ቁጥር ድምጹ ይደናቀፋል። ያኔ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ።»

«አልቅሼ አላውቅም።»

«ባለፈው ፊልም አልቅሰሻል» አለ ካሜራማኑ ከጥግ። ከቁመቱና ከቅጥነቱ የተነሳ ሸምበቆ ይሉታል።

«አንተ ዝም በል።»

«እሱስ ምን አለ? ዝም በሉ ነው ያለው» አለ ሸምበቆ፣ በአገጩ ወደ ድምጽ ቀራጩ እያመለከተ።

ተዋናይቷ ሳቋን በእጇ አፈነች።

ድምጽ ቀራጩ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጠበቀ። እዚህ ቤት ስሙ ጆሮ ነው። ሌላ ቦታ፣ ተቆልፎ በሚያድር መዝገብ ላይ፣ ምስማር ይባላል።

ደቂቃዋን የፈለጋት ለፊልሙ አልነበረም።

ስምንት ወር ሆኖታል። በትንሽ በጀት ፊልም የሚሠራ ሰው የትም ቢገባ ማንም አይጠይቀውም። ሻንጣ ይሸከማል፣ ሽቦ ይዘረጋል፣ ይሰደባል። ከዚህ የተሻለ መሸፈኛ አይገኝም። የስለላ መሥሪያ ቤቱ ሙያውን በሦስት ሳምንት አስተማረው፤ የቀረውን ያስተማሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝምታ እንዳለውም ከእነሱ ነው የተማረው። ቀረጻ ሲያልቅ ሁሉም ባለበት ይቆምና የባዶው ክፍል ድምጽ ለአንድ ደቂቃ ይቀዳል። በዚህ ፊልም ሁለተኛ ቀን ሸምበቆና ተዋናይቷ በዝምታው መሐል ዓይን ለዓይን ተጋጭተው በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ ወዲህ በዳይሬክተሯ ትእዛዝ በዚያች ደቂቃ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል።

ለርክክብ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል?

«እሺ» አለች ዳይሬክተሯ በረጅሙ ተንፍሳ። «አንዲት ደቂቃ። ጋሼ፣ እርስዎ ኩሽናው በር ላይ ይቁሙልኝ። ዓይን ይጨፈን።»

ጋሼ በካልሲያቸው እየተንሸራተቱ ሄዱ። ይህ የጆሮ ሕግ ነው፤ በቀረጻ ሰዓት ጫማ የለም። አምስት ጥንድ ጫማ ከፊት ለፊቱ በር ሥር ተደርድሯል።

ጋሼ ተዋናይ አይደሉም። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዳይሬክተሯ ፊታቸውን ወዳው የፊልሙ አባት አደረገቻቸው። ወደ እሷ የመራቸው ምስማር መሆኑን አታውቅም። መዝገብ ቤቱም የእሱ መሥሪያ ቤት መሆኑን አታውቅም። ሽማግሌው የወጡት አንዲት ወረቀት ይዘው ነው፤ የገዛ ባልደረቦቻቸውን ለባላጋራ አሳልፈው የሸጡ ሰዎች ዝርዝር። ኮት ለብሶ ለመጣ ሁሉ «የማውቀው ነገር የለም» አሉ። በካልሲ የሚሄደውን ድምጽ ቀራጭ ግን አመኑ። የጠየቁትም አንድ ነገር ነው፤ የአሥራ አንድ ሰዓቱን ባቡር። ልጃቸው ጣቢያው ላይ ትጠብቃቸዋለች።

ኩሽናው ውስጥ ያለው ፍሪጅ ተነቅሏል፤ ጉርምርምታው ድምጽ ያበላሻል። ተመልሶ መሰካቱ እንዳይረሳ ምስማር የመኪናውን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጣል። በሰው ቤት የሚቀርጽ ድሃ ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ ናት። ቁልፉን ሊያወጣ ሲመጣ ፍሪጁን ይሰካል።

ዛሬ ጋሼ ከቁልፉ አጠገብ አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ያስቀምጣሉ፤ ወረቀቷ እሱ ውስጥ ናት።

ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። የድምጹን ልክ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው።

ዝምታ።

የተዋናይቷ ትንፋሽ። የሸምበቆ ሆድ ጩኸት። በቧንቧ ውስጥ የሚወርድ ውሃ። ከኩሽና፣ ብልቃጥ መስታወት ሲነካ፤ ትክ።

ሃያ ሰከንድ። ሠላሳ።

ሳል።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ከክፍሉ አልነበረም። ከግድግዳው ነው።

የጎኑ ቤት ባዶ ነው። በሩ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባዶ መሆኑን ራሱ ነው የዘገበው። ሳሉን ግን ያውቀዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ በፀጉር ቤቶችና በመኪና የኋላ ወንበሮች ላይ ሰምቶታል። የአጎት ሳል ነው። በመሥሪያ ቤቱ አጎት የሚባለው የአለቃው።

አጎት አሁን ሦስት መንገድ ርቆ መኪና ውስጥ መሆን ነበረበት። ሽማግሌውን ወደ ጣቢያ የሚወስደው መኪና ውስጥ።

ትናንት ፀጉር ቤት ያወሩት ትዝ አለው። የፍሪጁን ነገር ለጨዋታ ብሎ ነበር የነገረው። አጎት ስቆ ሲያበቃ፣ «እንግዲያው ፍሪጁ ተሰክቶ ሲነሳ ሰምቼ እመጣለሁ» አለ።

ሰምቼ።

ሦስት መንገድ ርቆ የተቀመጠ ሰው ፍሪጅ አይሰማም።

«ሆነ?» አለች ዳይሬክተሯ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ሆነ። ባትሪ ልቀይር።»

ኩሽና ገባ። ብልቃጡን ከፍቶ ወረቀቱን ዘረጋ። አሥራ አንድ መስመር፤ በእያንዳንዱ ፊት ቀንና ፊርማ። ሰባተኛውን ስም ሰምቶት አያውቅም። ፊርማውን ግን ያውቀዋል፤ መንጠቆ ይመስላል። በእሱ የተልዕኮ ወረቀት ሁሉ ግርጌ ያለው ያው የአጎት መንጠቆ ነው።

ጋሼ ፊቱን አዩት። «ምነው ልጄ?»

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

መውጫው አንድ ደረጃ ነው፤ እሱም በጎኑ ቤት በር ሥር ያልፋል። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተቸንክረዋል። የቸነከረው ራሱ ነው። ፍሪጁ ከተነሳ እነ አጎት ይገባሉ። ካልተነሳም አስር ሰዓት ሲሆን ይገባሉ። ወረቀቱን ያየ ሁሉ፣ አየ ተብሎ የሚጠረጠርም ሁሉ፣ ከዚህ ቤት በእግሩ አይወጣም።

ዓይኑ ከፍሪጁ ጎን ያለው በር ላይ አረፈ።

ወደ ልብስ ማስጫው ግቢ የሚወርድ የብረት ደረጃ አለው። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ለአጎት በሰጠው የቤቱ ንድፍ ላይ «ዝጓል፣ አይከፈትም» ብሎ ጽፏል። ያኔ እውነት ነበር። በሦስተኛው ቀን ቆጣሪው ለመብራቶቹ አልችል ሲል፣ ሸምበቆ ከታች ካለው ልብስ ሰፊ መብራት ለምኖ ሽቦውን ለማሳለፍ በሩን በመዶሻ ገነጠለው። ምስማር ዘገባውን አላረመም። ለምን እንዳላረመ ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

ወደ ክፍሉ ተመልሶ የትዕይንት ቁጥር የሚጻፍበትን ነጭ ሰሌዳ አነሳ። ጮክ ብሎ፣ «አለቃ፣ አንድ ነገር ሰምቻለሁ፤ እንደገና ሳንቀርጽ አይቀርም» አለ።

እየተናገረ በማርከር ጻፈ፤ «ግድግዳው ጀርባ ሰው አለ። ጋሼን ሊገድል። ማውራት አታቁሚ።»

ዳይሬክተሯ አነበበች። መልሳ አነበበች። ድምጿ ግን ያው ድምጿ ነበር። «እግዜር ይይልህ። አሁንስ ምን ሰማህ?»

«ሳል ይመስለኛል።»

«ሸምበቆ፣ ሳልክ?»

«እኔ ትንፋሼንም በልክ ነው የምስበው» አለ ሸምበቆ። ሰሌዳውን ሲያይ ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ።

ዳይሬክተሯ ማርከሩን ከምስማር እጅ ወስዳ ጻፈች፤ «አንተ ማን ነህ?»

ደምስሶ ጻፈ፤ «ጊዜ የለም። በኩሽና ውጡ። የሰባተኛውን ቀረጻ ድምጽ እዚህ ከፍቼ እተወዋለሁ። አሉ ብለው ይጠብቃሉ።»

መቅረጫ ማሽኑን አየች። ከዚያ እሱን። የጻፈችው አንድ ቃል ነው።

«ድምጹስ?»

የአሥራ ሁለት ቀን ድምጽ አንዲት ካርድ ውስጥ ነው። ሃርድ ዲስኩ በመጀመሪያው ሳምንት ወድቆ ተሰብሯል፤ ሌላ የሚገዛበት አልነበረም። ማሽኑ እንዲናገር ደግሞ ካርዱ እሆዱ ውስጥ መኖር አለበት። ይህን ለእሷ ማስረዳት አያስፈልግም።

«ይቀራል» ብሎ ጻፈ።

ቃሉን በመዳፏ ደመሰሰችው። ከዚያ አፏን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ጥርት ባለ ድምጽ፣ «እንግዲያው ሰባተኛውን እንደገና እንሥራው። ቦታ ቦታችሁን ያዙ። ጋሼ፣ ያቺን ንግግር፣ ሳይቸኩሉ» አለች።

ትንሿን ድምጽ ማጉያ ግድግዳው ሥር አስቀመጠ። ቁልፉን ተጫነ።

የጋሼ ድምጽ ክፍሉን ሞላው። «ልጄ፣ በር ላይ አትቁሚ፤ ወይ ግቢ፣ ወይ ውጪ…»

ከዝምታው ጋር ዘጠኝ ደቂቃ ይሄዳል።

እውነተኛው ጋሼ የገዛ ድምጻቸውን ከኋላቸው ትተው በካልሲ ወጡ። ተዋናይቷ ክንዳቸውን ይዛለች። ሸምበቆ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎታል። ደፉ ላይ ቆም ብሎ ወደ ፊት ለፊቱ በር አየ።

«ጫማዬ» አለ በከንፈሩ ብቻ። «አዲሱ።»

ዳይሬክተሯ ገፋችው።

ምስማር የመጨረሻው ነበር። ፍሪጁን ከፈተ። ቁልፉን አየው። የመኪናው ነው፤ መኪናው ፊት ለፊት መንገድ ላይ ቆሟል፤ እዚያው እስካለ ድረስ እሱም ፎቁ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ቁልፉን ተወው። በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሪጅ ሳይሰካ ወጣ።

የብረቱ ደረጃ ካልሲውን አሳልፎ ያቃጥላል። አንድ ፎቅ። ሁለት። የተሰጣ አንሶላ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ አምስት ሰዎች ያለ ጫማ ሲሮጡ አየና፣ «ፊልም ነው?» አለ።

«ፊልም ነው» አለ ሸምበቆ።

ልብስ ሰፊው ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ዕቃ የሚጫንባት አሮጌ ሚኒባስ ከግቢው ጀርባ ነበረች። ሸምበቆ መሪውን ያዘ። ምስማር ተንሸራታቹን በር ሳበው፤ ድምጽ አልነበረውም። በሁለተኛው ወር፣ ጩኸቱ አንድ ቅጂ ሲያበላሽበት፣ ራሱ ነው ዘይት የቀባው።

የሚያወራው ሸምበቆ ብቻ ነበር። «ጣቢያ ነው አይደል? ጣቢያ ነው። ከንፈራቸውን እያየን እንደገና እናስቀርጻለን፣ ሌላው ሁሉ የሚያደርገው እኮ ነው።»

«ጋሼ ይሄዳሉ» አለች ዳይሬክተሯ። «የማንን አፍ ነው የማስቀርጸው?»

«የሚመስል ሰው…»

«እሳቸውን የሚመስል የለም።»

ምስማርን አላየችውም። ከወጡ ጀምሮ አላየችውም። እሱ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። ሰባት ደቂቃ። ስምንት። አሁን በባዶው ክፍል ውስጥ የእሷ ድምጽ «ቁረጥ» ይላል፣ ተዋናይቷ ትስቃለች። ማሽኑ ማንም ሳያዘው ወደሚቀጥለው ቅጂ ያልፋል። የሚቀጥለው ዝምታው ነው። አጎት ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ይጠብቃል። ፍሪጁ እስኪነሳ።

በሠላሳኛው ሰከንድ ላይ ግን ሳል ይሰማል። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ከግድግዳው ወዲያ በኩል።

የገዛ ሳሉን ለማወቅ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ምስማር አያውቅም። አውቆም ጣቢያውን ለማስከበብ አይደፍርም፤ ስለ ወረቀቱ ለሚጠይቁት ምን ሊላቸው ነው? ሲመሽ ግን የሚፈልገው አንድ ሰው ይሆናል፤ ይህን ፊትና ይህን ካልሲ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር በተገኘ ቁጥር እነሱም አብረው ይገኛሉ።

ብልቃጡ በግራ ኪሱ፣ ከሚኒባሷ ወንበር ኪስ ያገኘው ፖስታ በቀኝ። ፖስታው ላይ የጻፈው አድራሻ የአጎት አለቃ ነው። አንድ ጊዜ አይቶታል፤ ዳኛ ይሉታል።

«ጋሼ» አለች ዳይሬክተሯ ድንገት። ስልኳን አወጣች። «ያቺን ንግግር አሁን ይበሉልኝ። በዚህ እቀዳዋለሁ።»

«በዚህ ሁሉ ጫጫታ?»

«የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም። ሸምበቆ፣ ቀዩ ጋ ሞተሩን አጥፋ።»

«ከኋላዬ ያለው ሁሉ ይሰድበኛል።»

«ለምደኸዋል።»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ወደ ምስማር ዘወር ብለው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ፤ መኪናው ሲታጠፍ እንዳይወድቁ የተደገፉ ይመስላል። ከዚያ አነሱት።

ቀዩ በራ። ሞተሩ ጠፋ።

«ዝምታ» አለች ዳይሬክተሯ። «ዓይን ይጨፈን።»

ሁሉም እንደ ልማዳቸው ጨፈኑ። ተዋናይቷም፣ ጋሼም፣ ስልኩን ከፍ አድርጋ የያዘችው እሷም። ሸምበቆ መብራቱን ያያል።

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «በር ላይ አትቁሚ፤ ወይ ግቢ፣ ወይ ውጪ…»

በሩ ያለ ድምጽ ተንሸራተተ፣ ያለ ድምጽ ተመለሰ።

አረንጓዴው ሲበራ ምስማር ከመንገዱ ማዶ፣ ፖስታ ቤቱ ሳጥን ፊት ቆሟል። ወረቀቱን ከብልቃጡ ወደ ፖስታው አዛውሮ በምላሱ አሸገው። ሚኒባሷ ተነሳች። በኋላ መስታወቷ አራት ጭንቅላት ይታያል፤ የዞረ የለም።

ፖስታውን ለቀቀው። በካልሲው፣ በግራው እግር አውራ ጣቱ ወጥቶ፣ አውቶቡስ ከሚጠብቀው ሰልፍ ኋላ ቆመ። ከፊቱ ያለችው ሴት ትንሽ ወደፊት ተጠጋችለት።