አንድ ዙምባራ ሲጎድል

ክረምቱ ከፋ። ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ አላባራም። የባምባሲን መንገድ ጎርፍ በላው። ጨው ጠፋ። ወባ ቤት ለቤት ዞረ፤ በክሊኒኮቹ በረንዳ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ተኛ። ማሽላው በቆመበት ጠቆረ።

ከአዲስ አበባ የመጣው የቲያትር ቡድንም መንገድ ተዘግቶበት አሶሳ ቀረ። ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ብሎ በከተማው አዳራሽ ቲያትሩን ደግሞ አሳየ። ትርኢቱ ሲያልቅ አዘጋጁ ስዩም እጅ ሊነሣ አልወጣም። ሲፈለግ ከመድረኩ ጀርባ፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የተመታበት የመጋረጃ ማክበጃ ብረት አጠገቡ ወድቋል።

ኢንስፔክተር ስርጉት በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ ሳጅን ምንይችል ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«ገዳዩን ይዘነዋል፤ ሱዳናዊ ተማሪ ነው። ከትርኢቱ በፊት በር ላይ ከሟች ጋር ተጨቃጭቋል። ሟች እስከ መጨረሻው ጭፈራ ደህና ነበር፤ በዚያው ጭፈራ መሀል ይሄ ብድግ ብሎ ወጣ። ሰው ሁሉ አይቶታል።»

«ሲገድልስ ማን አየው?»

ስርጉት ቶሎ የሚጨርስ ሰው ትንቃለች፤ ንቀቷንም ለመደበቅ ደክማ አታውቅም።

ሙርሳል ከዳማዚን መጥቶ አሶሳ ነርስነት የተማረ ልጅ ነው። ትምህርቱን ጨርሷል፤ በኩርሙክ በኩል ወደ ሱዳን የሚሻገርበት መኪና ነገ ይነሣል። ዛሬ ካልተፈታ እናቱ ዘንድ መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም።

«ለምን ተጣላኸው?» አለችው።

«ስማኝ እናቴ፣ አልተጣላሁም። ፖስተር ላይ ‹ሙዚቃ በአንተነህ› ይላል። ይሄ ዘፈን የአያቴ ዘፈን ናት። ድንበር ወዲህም ወዲያም ያለ የበርታ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ጠየቅኩ። ስዩም ሳቀ። ‹ቁጭ በል፣ መጨረሻ ላይ ትሰማለህ› አለ።»

«ታዲያ ለምን ወጣህ?»

«ዘፈን ታመመች።»

ሳጅኑ ሳቀ። ስርጉት ዞራ አየችውና ሳቁ አለቀ።

«እንዴት ነው የታመመችው?»

«ዙምባራ ከቅል የተሠራ መለከት ነው። አንድ ሰው አንድ ይነፋል፤ አንዱ ዙምባራ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ተቀባብለው ነው ዘፈን የሚሆነው። ሴቶች ሲገቡ አንዱ ድምፅ ጠፋ። ወላሂ፣ ጥርሱ የወለቀ ሰው ሲዘፍን ነው የሚመስለው። ቲያትር አይቼ አላውቅም፤ አገር ሳልገባ ልይ ብዬ መጣሁ። አናደደኝ፣ ወጣሁ።»

ስርጉት ልብስ መቀየሪያውን ክፍል ዞራ አየች። የኋላው በር ለዝናቡ ሲባል ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ መቀርቀሪያውን ውሃ አሳብጦት በመዶሻ ካልሆነ አይነቃነቅም። ወደ ክፍሉ መግቢያው በመድረኩ በኩል ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ቡድኑ ሙዚቃ ደራሲ ወደ አንተነህ ሄደች። አንገቱ ላይ ሐር የጠቀለለ፣ ወንበር ላይ ተለጥጦ የተቀመጠ ሰው ነው።

«እርስዎ ጭፈራው ላይ የት ነበሩ?»

«መድረክ ላይ፣ እህቴ። ከአገሬው ዙምባራ ነፊዎች አንዱን ወባ ጣለው፤ በሱ ቦታ ገባሁ። ከሰልፉ ጫፍ ቆሜ አጭሩን ዙምባራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላቋርጥ ነፋሁ። ለእነሱ ውለታ ነው የዋልኩት።»

«ድምፅ ጎድሎ ነበር ይባላል።»

«ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል አንዱ ቢጎድል ማን ይሰማዋል?» አለና በንቀት ፈገግ አለ።

ረፋድ ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች፤ አንተነህን፣ ዋናዋን ተዋናይት ሐኒን፣ ሙርሳልን፣ ዙምባራ ነፊዎቹንና አለቃቸውን ሼህ አጣሂርን። አንድ ተመልካች ጭፈራውን በስልኩ ቀርጾት ነበር። አስከፈተችው። ዜማው ደህና ሄዶ ሄዶ፣ ሴቶቹ ሲገቡ ማነከስ ጀመረ።

«አሁን አጭሩ ዙምባራ ዝም ይበልና ንፉ» አለች።

ነፉ። ያው የስልኩ ዜማ ነው። አጭሩ ገብቶ ከሌሎቹ አንዱ ዝም ሲል ግን ስብራቱ ሌላ ቦታ ሆነ። ሳጅን ምንይችል እንኳ ለየው።

«ሼህ፣ እርስዎ ትናንት ሰምተው ነበር?»

«ሁላችን ሰማን» አሉ ሽማግሌው። «ጨለማ ነው፣ ጫፍ ላይ ነው፤ አላየነውም። ማን ጠየቀን?»

ሳጅኑ ቆቡን አወለቀ።

«ትንፋሽ አጥሮኝ ነው» አለ አንተነህ።

«ቅድም ሳላቋርጥ ነፋሁ ብለሃል።» እርስዎ ማለቱን ተወችው። «ልጁ የወጣው በፊት ለፊት በር ነው፤ በዚያ በኩል ወደ ክፍሉ መግቢያ የለም። ሐኒ፣ ስዩም መጨረሻ ላይ ምን ሊናገር ነበር?»

«ዘፈኑ የነማን እንደሆነ» አለች ሐኒ። «ድሮ ስዩም ዘፈኑን ከነሼህ ሲወስድ ‹ስማችሁን መድረክ ላይ እጠራለሁ› ብሎ ምሎላቸው ነበር። ዓመታት አለፉ። ትናንት ከሰዓት ለእኔና ለአንተነህ ብቻ ‹ዛሬ እጠራለሁ› አለን። አንተነህ በዚህ ሙዚቃ ተሸልሟል፤ ፊቱ አመድ መሰለ።»

«ሁለት ሰው ያውቅ ነበር። አንዷ በሕዝብ ፊት ስትጨፍር ነበረች። አንዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ጠፋ።» ስርጉት ወደ አንተነህ ተጠጋች። «ዘፈኑን የሠራ ሰው አንድ ዙምባራ ሲጎድል እንደሚሰማ ያውቃል። አንተ ጩኸት መሰለህ። ባትሰርቀው ኖሮ አትያዝም ነበር።»

አንተነህ ሐሩን ከአንገቱ ፈታ። «መድረክ ላይ ሌባ ሊለኝ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። ምንይችል እጁን አሰረው፤ ቀጥሎ የሙርሳልን ቦርሳ ከጣቢያው ራሱ ተሸክሞ አመጣ።

ሐኒ መድረኩ ላይ ወጣች። ባዶ ወንበሮቹን ፊት ለፊት አድርጋ፣ ሼህ አጣሂር እየነገሯት፣ በትርኢት ድምፅዋ የሰፈራቸውን ስምና የነፊዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራች። በወባ የተኛውንም ጠራች። አንዱ ስም ተጣመመባት፤ ሽማግሌው እስክታስተካክል አስደገሟት።

ስትጨርስ ሽማግሌው ተነሡ።

«አሁን» አሉ፣ «ዘፈኑን መውሰድ ትችላላችሁ።»