«ዴቱን እይ» የሚወጣበት ቅዳሜ

«ሔርሜላ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? "ይውጣ" በይና እንገላገል!»

ሐዋ ስልኳን አፍንጫዋ ሥር አመጣችላት። ከሐዋ ስም ጎን አረንጓዴ ምልክት ተደርጎ «ይውጣ» ተብሏል። ከሔርሜላ ስም ጎን ምንም የለም።

«አስራ አንድ ሰዓት ነው ያልነው። ገና ዘጠኝ ተኩል ነው» አለች ሔርሜላ።

«አቦ አታካብጂ! አሁን ብትጫኚው ምን ይመጣል?»

የተቀመጡት በእናቷ በእትዬ የሻሽወርቅ ሱቅ፣ ከብስኩት ካርቶኖቹ ጀርባ ነው። እናቷ ፊት ለፊት ከደንበኛ ጋር ዋጋ እየተከራከረች ስለሆነ ወደነሱ ልብ አላለችም።

«ዴቱን እይ»ን የጀመረችው ሔርሜላ ናት። ይህ ይሰመርበት፤ እሷ ራሷ በቀን አሥሬ ታሰምርበታለች። መርካቶ ውስጥ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚያበቃበት ቀን፣ «ዴቱ»፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። ነጋዴው ወደ ሐበሻ ለመመለስ ጣቱን ሲቆጥር ይውላል። ሔርሜላ ከዘጠነኛ ክፍል መጽሐፎቿ ሰርቃ ባገኘችው ጊዜ ሁሉ ስሌቱን ጻፈች፤ ቀኑን ስታስገባለት በእኛ አቆጣጠር መቼ እንደሆነና ስንት ቀን እንደቀረው የሚናገር አፕ ሆነ። ስሙንም ነጋዴዎቹ ሠራተኛ ላይ ከሚጮሁት ወሰደችው። ኮዱን ደግሞ ለሁሉም ክፍት አደረገችው፤ የትም ያለ ሰው ገብቶ ያየዋል፣ ይጠቀምበታል፣ ያስተካክለዋል።

ገብታ ያየችው ግን ሐዋ ሆና ተገኘች! የክፍሏ ልጅ፣ የአንዋር መስጊድ ሰፈሯ ሐዋ። «ለምን በእጅ ይጻፋል? ካርቶኑን ፎቶ ብናነሳውስ?» አለች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥም አደረገችው። ከዚያ በኋላ ማን ስለ ስሌት ያወራል? ሰው ሁሉ ስልኩን ካርቶን ላይ እየደቀነ «ወይ ጉድ!» ማለት ሆነ ሥራው። የኮምፒውተር ክለቡ መምህር ይገረም ተማሪ ፊት ቆመው «የሐዋ አፕ» አሉት። እሱስ ይሁን፣ የገዛ እናቷ «ያቺ ልጅ እኮ እሳት ናት!» ስትል ሔርሜላ በጥርሷ ሳቀች፤ አንጀቷ ግን አረረ።

የሚወጣበትን ቀን የመረጠችው እንኳ እሷ ነበረች። መምህር ይገረም ረቡዕ ይሁን ብለው ነበር። ከክለቡ አንድ ልጅ ዓርብ አለ፤ ዓርብ እኩለ ቀን አንዋር አካባቢ መንገዱ ሁሉ ሰጋጅ ስለሚሆን ማን አዲስ ነገር ይሞክራል ተብሎ ተጣለ። ያኔ ሔርሜላ እጇን አወጣች። «ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት፣ ሱቅ ሲዘጋጋ እናውጣው። እሁድ መርካቶ ያርፋል። የተበላሸ ነገር ካለ ሰኞ ገበያ ሳይከፈት እናስተካክለዋለን። ደግሞ ሁለታችንም "ይውጣ" ካላልን አይወጣም።» ክለቡ አጨበጨበ። ሐዋ ዘላ አቀፈቻትና «ሔርሜላ እኮ ነፍስ ናት!» አለች። ሔርሜላን ይህም አናደዳት። አድናቆት እንኳ ከሐዋ እጅ ይሰጣት?

አሁን አፑን ሊሞክር የተመዘገበ አርባ ሱቅ ሰኞን እየጠበቀ ነው።

«ታውቂያለሽ አይደል» አለች ሐዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «አባቴ ሰኞ ጠዋት በሱቁ ራሱ ይሞክረዋል። ከሠራ ክለቡን ቀጥዪ ብሎኛል። ካልሠራ ግን ከትምህርት በኋላ ቀጥታ ሱቅ ነኝ። በቃ፣ ክለብ የለም።»

«ይሠራል» አለች ሔርሜላ።

እንደማይሠራ ግን ታውቃለች።

ያወቀችው ያለፈው ሳምንት ሐሙስ፣ ኅዳር አራት ቀን ነው። እናቷ ጊዜው ያለፈበት የሕፃናት ወተት ለአከፋፋዩ ልትመልስ ከላይኛው መደርደሪያ አስቀምጣ ነበር። ሔርሜላ ስልኳን ደቀነችበት። ለምን እንደሆነ አንደብቅ፤ እንዲሳሳት ፈልጋ ነው። ጣሳው ላይ 12/10 ይላል፤ ኦክቶበር አሥራ ሁለት፣ ካለፈ ወር ሆኖታል። አፑ ግን በአረንጓዴ «ገና ነው! 27 ቀን ቀርቶታል» አላት።

ነገሩ ወዲያው ገባት። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው ቀኑን አስቀድሞ ወሩን ያስከትላል። እኛ ደግሞ «ኅዳር አራት» ብለን ወሩን እናስቀድማለን። ሐዋም አፏ እንደለመደው ኮዱን ወሩን አስቀድሞ እንዲያነብ አድርጋ ጻፈችው! 25/10 ቢሆን ችግር የለም፤ ሃያ አምስተኛ ወር ስለሌለ አፑ ራሱ ያገላብጠዋል። ሲሞክሯቸው የነበሩት ካርቶኖች ሁሉ እንደዚያ ዓይነት ሆነው ነው ያመለጣቸው። ሁለቱም ቁጥር ከአሥራ ሁለት ሳይበልጥ ሲቀር ግን ኦክቶበር አሥራ ሁለት ዲሴምበር አሥር ይሆናል።

ያን ቀን የሔርሜላ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ጣሳውን ፎቶ አንስታ አስቀመጠች፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ይውጣና ይዋረድ፣ እሳት የተባለችዋ ትታይ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሐዋ ጋር ስትስቅ፣ አንድ ሳምቡሳ ለሁለት ሲካፈሉ፣ ይህን በሆዷ ይዛ ነበር።

«ልጆች! እንዴት ዋላችሁ?»

ጋሼ ወልደሚካኤል ናቸው፤ ሁለት ሱቅ አልፎ የሕፃናት ምግብ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ። ሁለቱም ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ደህና፣ እንዴት ዋሉ ጋሼ?» አለች ሐዋ። «ሰኞን እየጠበቁ ነው?»

«ምን ሰኞ ብቻ! ዛሬ ማታ ይወጣል አላላችሁም? ዓይኔ እኮ ያቺን ደቃቅ ጽሑፍ ማየት ትቷል። ሠራተኞቼንም ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ስልኩ "አልፏል" ያለውን ታወርዳላችሁ፣ "ገና ነው" ያለውን ትሸጣላችሁ፣ ክርክር የለም ብያለሁ።» ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው። «ተባረኩ፣ የኔ ልጆች። ሁለታችሁም።»

ሄዱ። ሔርሜላ ግን እንደቆመች ቀረች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስታስብ የነበረው የሐዋን ፊት ብቻ ነበር፤ ሰኞ እንዴት እንደሚቀላ። እንደዚያ ያለ ጣሳ ገዝታ ለልጇ የምትበጠብጥ ሴት አንድም ቀን ትዝ ብላት አታውቅም።

«የዐስር ሰላት ደረሰ፤ ሰግጄ ልምጣ» አለች ሐዋ ሻርፗን እያስተካከለች። «ስመለስ "ይውጣ" ብለሽ ላግኝሽ፣ እሺ?»

ሔርሜላ ብቻዋን ስትቀር ስልኳን ከፈተች። ስለ አፑ ችግር የሚጻፍበት ገጽ አለ፤ እዚያ የተጻፈ ነገር ለማንም ክፍት ነው፣ ማን መቼ ምን እንዳለ ሁሉ ይታያል። «ችግሩ» የሚለው ሥር በደንብ አድርጋ ጻፈችው፤ ወሩና ቀኑ እንዴት እንደተገለባበጠ፣ ሁለቱም ቁጥር ትንሽ ሲሆን አፑ ተጠቃሚውን መጠየቅ እንዳለበት ሁሉ። እየጻፈች መፍትሔው ሩቅ እንዳልሆነ ታያት። ያኔውኑ ብትናገር ኖሮ ይሄኔ ተስተካክሎ፣ ሐዋም ሰኞን ሳትፈራ ትጠብቅ ነበር።

ቀጥሎ «መቼ ታየ?» የሚል ነበር።

«ዛሬ» ብላ ጻፈች። ማን ያውቃል? ጣሳውን አሁን እንደገና ፎቶ ብታነሳው አለቀ። እንዲያውም በመጨረሻው ሰዓት አደጋውን ያየች ጎበዝ ትባላለች። መምህር ይገረም ክለቡ ፊት ስሟን ይጠራሉ፤ እናቷ «የኔ ልጅ» ትላለች። አንድ ጊዜ እንኳ ከሐዋ በላይ ትሆናለች። ወይ ጣፋጭነቱ! ጣቷ መላኪያው ላይ ደርሶ ነበር።

ሐዋ ደግሞ ታመሰግናታለች። ይህን እርግጠኛ ናት። ዘላ ታቅፋትና «አንቺ ባትኖሪ ጉዴ ፈልቶ ነበር» ትላታለች። ሔርሜላም ፈገግ ብላ ታቅፋታለች፤ ከዚያም በየቀኑ እንደዚያው፣ ስንት ዓመት ድረስ እንደሆነ እንጃ።

«ዛሬ» የሚለውን አጠፋችው። «ኅዳር 4 ነው ያየሁት። እስከ ዛሬ አልተናገርኩም» ብላ ጻፈች። የመጀመሪያውን ፎቶ አያያዘች። ላከችው። ከዚያም ከስሟ ጎን «አይውጣ» የሚለውን ተጫነች።

ሐዋ ስትመለስ ስልኳን እያየች ነው የገባችው። ፊቷ ላይ ሳቅ የለም።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ወሩን ማስቀደሜ። ምን ነክቶኝ ነው?» ከዚያ ቀና አለች። «ግን ኅዳር አራት ይላል።»

«አዎ።»

«ሐሙስ ማለት ነው። ያን ቀን እኮ አብረን ነው ወደ ቤት የሄድነው። አባቴ ያለኝን የነገርኩሽም ያን ቀን ነው።»

«አዎ።»

«ረስተሽው ነው አይደል?»

ሐዋ ጠበቀች። «አዎ» እንድትላት እየለመነቻት ይመስል ነበር፤ እንዲያ ብትላት ሁለቱም ይገላገሉ ነበር።

«አልረሳሁትም» አለች ሔርሜላ። «ቀንቼብሽ ነው። እንድትዋረጂ ፈልጌ ነው።»

እትዬ የሻሽወርቅ ከፊት ሆና «ልጆች፣ ያቺን ካርቶን አቀብሉኝ!» አለች። ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። ሐዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ዞር አለች፤ ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ኮዱን ከፈተች።

«መሄድ ትችያለሽ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። «ብቻዬን አስተካክለዋለሁ።»

ሔርሜላ ቦርሳዋን አንስታ እስከ ካርቶኖቹ ጫፍ ሄደች። ለእናቷ ካርቶኑን አቀበለች። ከዚያም ተመልሳ ባዶ ሳጥን ገልብጣ፣ ከሐዋ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠችና ለአርባዎቹ ሱቆች አንድ በአንድ መደወል ጀመረች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሔርሜላ ነኝ» አለች ለመጀመሪያው። «ማታ አይወጣም። አይ፣ የሐዋ ጥፋት አይደለም። እኔ ነኝ ያዘገየሁት።»