የጠባቧ ክፍል አግዳሚ

ይርዳው ጠዋት ጠዋት በማዕዘኑ በር ይገባል፣ ካፖርቱን ሚስማር ላይ ይሰቅላል፣ ትንሿን ማሞቂያ እግሩ ሥር ያደርግና የአሮጌውን እንጨት ቫርኒሽ ሲፍቅ ይውላል። ሊድስ ከተማ ዳር ያለው ይህ ቤት በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተሠራ መጠጥ ቤት ነበር፤ ከተዘጋ ቆይቷል። ባለንብረቱ የእንጨት ሥራውን ለሚያድስለት አናጢ ከኋላ ያሉትን ክፍሎች መኖሪያ አድርጎ ሊሰጥ ተስማምቶ ነበር። ይርዳው በሰው ሶፋ ላይ ማደር ያንገሸገሸው፣ ሚስቱን ስንዱንና ስትድህ ጥሏት የመጣትን ልጁን አዜብን ከወረኢሉ ለማስመጣት የቆረጠ ሰው ስለሆነ ሳያመነታ ፈረመ። ጋሽ ደስታው ብቻ፣ በከተማው ካሉት ሐበሾች ሁሉ አንጋፋው፣ የቤቱን አድራሻ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል አሉና ወሬውን ቀየሩ።

እውነትም ቤቱ ሰው የሚወድ ቤት አልነበረም። የሠሩት ሰዎች ጭንቀታቸው ሁሉ ሰው ከሰው እንዳይተያይ የነበረ ይመስላል። ሦስት በር አበጅተውለታል፤ አንዱ ለወዛደር፣ አንዱ ለባለገንዘብ፣ ሦስተኛው መጠጣቱ እንዲታወቅበት ለማይፈልግ። ውስጡን በጥቁር ጣውላ ከፋፍለው፣ ከባንኮኒው በላይ በሰው ፊት ቁመት፣ በዘንግ ላይ የሚዞሩ ትንንሽ የመስታወት መስኮቶች ደርድረዋል። መስታወቱ አያሳይም። ጠጪው አንዷን ገርበብ አድርጎ እጁን ያሾልካል፣ ቀጂውም የማን እጅ እንደሆነ ሳያውቅ ይቀዳለታል። ሦስተኛው በር የሚያስገባው ቆዳ የለበሰ አንድ አግዳሚ ብቻ ወዳለባት ጠባብ ክፍል ነበር። በሩ ከውጭ በጡብ ተደፍኗል፤ በላዩ የተንጠለጠለችውን የነሐስ ደወል ግን የነቀላት ሰው የለም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ከሰዓት በኋላ፣ የክረምቱ ብርሃን ገና ሳይሞቅ ሲደክም፣ ከጠባቧ ክፍል የራሰ ሱፍ፣ የድንጋይ ከሰል ጭስና የኮመጠጠ ቢራ ሽታ ይወጣል። ይርዳው እርጥበት ነው ብሎ ግድግዳውን ፈተሸ፤ ግድግዳው ደረቅ ነበር። ቀጥሎ መስኮቶቹ። ማታ ሁሉንም ዘግቶ ወደሚያድርበት ሶፋ ይሄዳል፤ ጠዋት ሲመጣ የጠባቧ ክፍል አንዷ መስኮት ሁልጊዜ አንድ ዓይን በሚያሾልቅ መጠን ገርበብ ብላ ይጠብቀዋል። በዘንጓ ላይ ሚስማር መታባት። በማግስቱ ሚስማሩ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ መስኮቷ እንደልማዷ ገርበብ ብላ አገኛት።

ከዚያ ወለሉን ሲያጥብ ያየውን አየ። የመጠጥ ቤት የወለል ድንጋይ ተረግጦ የሚያልቀው ሰው በሚመላለስበት፣ ከባንኮኒው ሥር ነው። እዚህ ግን ከአግዳሚው ፊት ለፊት ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች ነበሩ፤ የጫማ ያህል የሚረዝሙ፣ ጣታቸው ወደ አግዳሚው የዞረ። አንድ ሰው የተቀመጠውን ሰው እያየ፣ ድንጋዩ እስኪሟሽሽ ድረስ እዚያ ቆሟል። ይርዳው መጥረጊያውን ይዞ ወጣና ጋሽ ደስታው ዘንድ ደወለ።

ጋሽ ደስታው ተማሪ ሳሉ በዚያ ቤት ብርጭቆ ያጥቡ እንደነበር ያን ቀን ገና ተናገሩ። በአግዳሚው ላይ ብቻውን የተቀመጠ ጠጪ ሁሉ ደወሉ ጮኸ፣ አንድ ሰው ገብቶ ፊቴ ቆመ፣ የሆነ ነገር አንሾካሾከ ይል ነበር።

«እና ምን ሆኑ?» አለ ይርዳው።

«ምንም አልሆኑ። መጠጣቸውን ጨርሰው ሄዱ። ደግነቱ፣ እንግሊዞች ሰው ሲገባ አይነሱም።»

ይርዳው ሳቀ። የእሱ አባት ቢሆን ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ የቀረውን ልጅ በአለንጋ ያነሳው ነበር። አትነሱ ቢሏችሁም ተነሱ፣ አትነሱ የሚባለው ለወግ ነው ይል ነበር አባቱ። አዜብንም ያሳደጋት እሱው ነው።

ስንዱና አዜብ በሚገቡበት ቀን ጋሽ ደስታው ሊቀበሏቸው አውሮፕላን ማረፊያ ሄዱ። ይርዳው የልጁን አልጋ አነጠፈ፣ ወለሉን ደግሞ ጠረገ። ገና በአሥር ሰዓት ውጭው ጨለመ። የመኪናውን ድምፅ እያዳመጠ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ማሞቂያዋ ቀጭ ብላ ጠፋች። የራሰው ሱፍ ሽታ ከግድግዳው ሳይሆን ከፊቱ፣ ከሰው ትንፋሽ ርቀት መጣ። በላዩ ደወሏ ጮኸች።

ከሐሳቡ ቀድሞ ገላው ነበር የታዘዘው። «ኖር» አለና ከወገቡ ብድግ አለ።

ከጨለማው ውስጥ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ በእንግሊዝኛ፣ አትነሳ አለው። ደግሞም አለው፣ በልመና። በዚህ አገርም ወግ የሚያውቅ ሰው አለ ለካ ብሎ ይርዳው ቀጥ ብሎ ቆመ።

የአግዳሚው ቆዳ ሲጢጥ አለ። ሊዞር ሞከረ፤ እግሮቹ በጎድጓዳዎቹ ውስጥ፣ በልካቸው እንደተሰፋ ጫማ ገጥመው ነበር። ፊቱም ወደ አግዳሚው ዞሮ ነበር። የእሱን ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ጥፍሩ ሥር የእሱ ቫርኒሽ ያለበት ሰው ተቀምጦ እጆቹን እያገላበጠ ያያል። ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ። ሰውዬው ተነስቶ ወጣ። አባዬ የሚል ጩኸት ተሰማ፣ ስንዱ በደስታ ስታለቅስ ተሰማ። ይርዳው ስማቸውን እየጠራ ጮኸ፤ የዞረ አልነበረም። ጋሽ ደስታው ሻንጣውን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው፣ ሳይገቡ ሄዱ።

ሲነጋ በትንንሾቹ መስኮቶች ግራጫ ብርሃን ገባ። አዜብ አዲሱን ቤቷን እየዞረች ስታይ ጠባቧን ክፍል አገኘችና አግዳሚው ላይ ወጥታ እግሯን ታወዛውዝ ጀመር። አድጋለች፤ አገጯ የእናቱ ነው። ይርዳው ዓይኑን ከእሷ ላይ ሊነቅል አልቻለም። ማንም ሳይነካት ደወሏ ጮኸች። ልጅቷ እግሯን ገታች፣ ቀና ብላ አየችው፤ አባቷን ሳይሆን አንድ የማታውቀውን ትልቅ ሰው።

«ኖር» አለችና ከወገቧ ብድግ አለች።

ይርዳው የቀረችውን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቦ «አትነሺ! አትነሺ፣ የኔ ልጅ!» አላት። አዜብ ግን በአያቷ እጅ ያደገች ልጅ ናትና፣ እንደማፈር ፈገግ ብላ ቀጥ ብላ ተነሳችለት።